የጣርማ በር ውሃ

ላምባና ጠመኔ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ባለሁበት እቆማለሁ። ለሌላ ሰው ሁለቱ አይገናኙም፤ ላምባ የምድጃ ነው፣ ጠመኔ የትምህርት ቤት። ለእኔ ግን አብረው የሚሸቱበት አንድ ቦታ አለ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር። ባለፈው ወር ለእህቴ ሰርግ ሄጄ በዚያ ሳልፍ ያ ሽታ መጣ። አንድ የማላውቀው ወጣት መካኒክ የሞተር ብረት ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በጨርቅ ይወለውላል። ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ምንም፤ እያሸተትኩ ነው» አልኩት።

እስክሄድለት ድረስ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

እውነቱን ለመናገር ያ በጋ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ብዙ ሰው የልጅነቱን ነገር ሲያወራ «ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ግን ገባኝ» ይላል። እኔ እንደዚያ ለማለት አልታደልኩም። አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ስለዚህ እንዳየሁት ብቻ ልናገር።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ይመር በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። የራሱንና የጎረቤቶቹን ሽንኩርት በአሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ጭኖ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ይወስዳል። ቤታችን የቆመው በዚያች ፒካፕ ላይ ነበር። ረዳት መቅጠር ስለማይችል ቅዳሜ ቅዳሜ ረዳቱ እኔ ነኝ። ሥራዬ ሁለት ነው፤ ዳገት ላይ ስንቆም ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ማስገባትና መኪናዋን ውሃ ማጠጣት። ማጠጣት የምለው አባቴ ስለ መኪናዋ የሚያወራው ስለ ጊደር እንደሚያወራ ሰው ስለነበረ ነው። «ከዲጃ፣ እንዳትጠማብሽ» ይለኛል። አሮጊት ስለሆነች ዳገት ላይ ቶሎ ትግላለች፣ ራዲያተሯም ያንጠባጥባል። በዚህ ምክንያት ከእግሬ ሥር ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀመጣል። እኔ ሞተር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከፊት ለፊቷ ክዳን ሥር አንድ የሚጠጣ ነገር ተኝቷል ብዬ ነበር የማምነው።

በእኛ አገር ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ቆላ ነን። ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ ረፋድ ላይ ለብ ይላል፤ ቀትር ላይ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚጎድለው። ውሃ ሰውን ወይም ብረትን ሊጎዳ ይችላል የሚል ሐሳብ ከየት ይምጣልኝ?

የዚያን ቅዳሜ ከቤት የያዝነው ውሃ ደብረ ሲና ላይ አለቀ። የዳገቱ አናት ጣርማ በር ልንደርስ ስንል መኪናዋ ተንፈቀፈቀች፤ አባቴ መንገዱ ከሚገባበት ዋሻ በታች ጥጉን ይዞ አቆማት። ድንጋዬን አስገባሁ። ጉም ነበር። ንፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣል፤ የሱፍ ኮፍያ የሚሸጡት ልጆች እንኳ ተኮራምተዋል። አባቴ ጀሪካኑን ሰጠኝና ከመንገዱ ዳር ከሚወርደው ምንጭ ሞልቼ አመጣሁ። ጣቶቼን አመመኝ። ውሃ ያማል እንዴ ብዬ ተገረምኩ። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና ከእንፋሎቱ ሸሸ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። የአስር ሶላት ሊያልፈው ነው። «መጣሁ» ብሎ ጋቢውን እንደተከናነበ ወደ ሣሩ ሄደ።

«መጣሁ» ብቻ ነው ያለው። ንኪም አትንኪም አላለኝም። መኪናዋ እያቃሰተች ነበር፤ ከውስጧ ጢቅ ጢቅ ይላል፣ የተከፈተው አፏ ያጨሳል። ጠማት አልኩ። የፊት ብረት መከላከያዋ ላይ ወጥቼ፣ ጀሪካኑን በሁለት እጄ አንስቼ፣ ያን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨመርኩላት። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ጠጥታ ያገሳች መስሎኝ ደስ አለኝ።

አባቴ ተመለሰ። ባዶውን ጀሪካን አየ፣ ራዲያተሩን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። ክዳኑን ገጥሞ አስነሳት። መንተባተብ ጀመረች፤ ከኋላዋ የወጣው ጭስ ከጉሙ የባሰ ነጭ ነበር። ኮፍያ ሻጮቹ ሳቁ። ሽንኩርቱን ወደ ሌላ መኪና አሻገርን፣ ሰማያዊቷ በገመድ ተጎትታ ወደ ቆላ ወረደች። በመንገድ ሁሉ አባቴ መሪውን ይዞ የሚያየው ገመዱን ብቻ ነበር። እኔ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ አላልኩም። መናገር ያለብኝ አልመሰለኝም፤ ሥራዬን ነው የሠራሁት።

ጋሽ ታደሰ ከኒሟ ሥር የሚሠሩት መካኒክ ናቸው። ቱታቸው ድሮ ምን ቀለም እንደነበረው የሚያስታውስ ሰው የለም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሞተሩን ከፍተው አገኘኋቸው፤ አባቴም አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል። ከላይ ያለውን ከባድ ብረት፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ አንስተው ጣውላ ላይ አጋድመውታል። ቴስታታ ሞተሩን እንደ ክዳን የሚገጥመው ነው። «በውስጡ ውሃም እሳትም በየመንገዳቸው ያልፋሉ» ይሉት ነበር ለአባቴ፤ «ሁለቱ ተገናኙ ማለት መኪና የለህም ማለት ነው።»

ደብተሬን አዩና «ጠመኔ ይዘሻል?» አሉኝ።

ከጥቁር ሰሌዳ ሥር የለቃቀምኳቸው ቁርጥራጮች ነበሩኝ። ሰጠኋቸው። ብረቱን በላምባ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ከዚያ ጠመኔውን ፈጭተው እንደ ዱቄት ነሰነሱበት። «አሁን ዝም ብለን እናያለን» አሉ። ሦስታችንም አጎነበስን። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ወጣ። ቀጭን ነው፤ ከአንዱ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ማንም ሳይጽፈው የተጻፈ።

ላምባው ስንጥቁ ውስጥ እንደገባ፣ ጠመኔውም እንደሚመጠው ለአባቴ አስረዱት። እኔ ሰምቼ አላመንኩም። የገባኝ ጠመኔው መጻፍ መቻሉን ነው። ያውም የእኔ ጠመኔ። መስመሩን ጽፏል፤ ቀጥሎ ስም ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሽ ታደሰ ቀና አሉ። «ይሄ የድንገተኛ ብርድ ስንጥቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ የጣርማ በርን ውሃ ማነው የገለበጠው?»

ያ የተሰበረ እንጨት ድምፅ ያኔ ነው ተመልሶ የመጣብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«አንተ? ሃያ ዓመት የነዳኸው ሰውዬ?»

«ሶላት ሊያልፈኝ ሲል ቸኮልኩ፣ ጋሽ ታደሰ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ታደሰ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ጠመኔውን በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። ይህ ቴስታታ ቢበየድ አንድ ቀን ጣርማ በርን ይወጣል፣ በሁለተኛው ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ይተወናል። አዲሱ የሚታሰብ አይደለም። አሮጌ ገዝቶ ፊቱን አዲስ አበባ በማሽን ማስላጨትም የእኛ አቅም አይደለም። «ከሞተ መኪና ላይ የወጣ አሮጌ ፈልግ» አሉት። «እኔ በእጄ አድስልሃለሁ። በእጅ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል፣ አንተም ትገፋለህ።»

ማታ እራት ላይ አባቴ ለእናቴ ነገራት። የሚያዝያው ሽንኩርት ከመሬት ሳይወጣ መኪናዋ ካልተነሳች፣ ለቁርጥራጭ ብረት ሰጥቷት ወንድሙ ጋ ሳዑዲ ይሄዳል። እናቴ የወጡን ድስት ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው። አጎቴ ሳዑዲ የሄደው እኔ ሳልወለድ ነው። የማውቀው በስልክ ነው፣ ያውም «ትሰሚኛለሽ? ትሰሚኛለሽ?» ሲል ብቻ። ስለዚህ ሳዑዲ ማለት ለእኔ ሰው ገብቶ ድምፅ ብቻ የሚሆንበት አገር ነበር። አባቴም እንደዚያ ሊሆን ነው። በእኔ ጀሪካን።

ከዚያ በኋላ የሆነብኝን ግራ መጋባት እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። አባቴ ውሃውን አልጨመረም፤ ይህን የማውቀው እኔ ስለጨመርኩ ነው። እኔ መጨመሬን ግን እሱ አያውቅም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሰገደ ነበር። ታዲያ ማን የጨመረ ይመስለዋል? ራሱ ጨምሮ የረሳ መስሎት ይሆን? ወይስ እኔ ሳላየው እሱም ጨምሯል? አንዳንድ ቀን ጭራሽ እኔ አልጨመርኩም፣ በሕልሜ ነው ያየሁት እልና ቀለል ይለኛል። ከዚያ የዚያ ውሃ ሕመም ጣቶቼ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የባሰብኝ ግን ውሸቱ ነው። አባቴ ሽንኩርት ሲሸጥ የተበላሸውን ከላይ፣ ገዢው እንዲያየው አድርጎ የሚደረድር ሰው ነው። እናቴ በዚህ ስትናደድበት ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለ ሰው ዋሸ። በዚያች ውሸት የሰውን ሥራ የሚጽፉት መላእክት ጽፈውበት ከሆነ የተጻፈበት በእኔ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ውሸታምነቱን በጋሽ ታደሰ ፊት አወጣሁበት ማለት ነው። በየት በኩል ብዞር አባቴን ነው የማገኘው።

ቁርኣን የሚያስቀሩንን ሸህ ኑሩን ጠየቅኋቸው። «ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ቢል ውሸት ነው?»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«አንድ ሰው።»

ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «የሚመጣብኝ ሁሉ ያደረገውን አላደረግሁም የሚል ነው፣ ልጄ። የዚህ ግልባጭ ገጥሞኝ አያውቅም። እስቲ ኪታብ ገልጬ እነግርሻለሁ።»

አልነገሩኝም። በየሳምንቱ እጠብቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ረስተውታል። እኔ ደግሞ ኪታቡ ውስጥ ያገኙት መልስ ለልጅ የማይነገር ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያ ላይ ከተማው አባቴን መሳቂያ አደረገው። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ «ይመር በረዶ» አሉት። ከኒሟ ሥር ያለው ሻይ ቤት ተቀበለው። አባቴ ሲያልፍ አንዱ «ይመር በረዶ፣ ሻዩ በጣም ግሏል፣ ና አቀዝቅዝልን» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። አባቴም ይስቃል። ሳቁ የእውነት ነበር፣ ያ ነው ያናደደኝ። የሚያለቅስ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምን እንደተሰማው አውቅ ነበር።

አባቴ ሁለት ሳምንት ሲያፈላልግ ከርሞ ማጀቴ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ጥግ፣ የእኛን የመሰለች ሞታ የቆመች ፒካፕ አገኘ። ቴስታታዋን በሁለት ፍየል ለወጠ። ከሁለቱ አንዷ የእኔ ነበረች፤ ከግልገልነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት ጆሮ ቆራጣ። ሲወስዳት እናቴ «ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ቴስታታው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ዝጓል። በአንዱ ቀዳዳው ተርብ የጭቃ ቤት ሠርታበታለች፤ በላዩ ላይ ዶሮዎች ለዓመታት ሲያድሩበት እንደኖሩ ያስታውቃል። ይህን ነው እንግዲህ በፍየሌ የለወጥነው። ጋሽ ታደሰ ግን ደስ ብሏቸው አንጠለጠሉትና በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ሰማህ? ደህና ብረት እንደዚህ ነው። የተሰነጠቀ ቢሆን ያጉረመርም ነበር» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በሽቦ ብሩሽና በላምባ አሸነው። ከዚያ ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ጠመኔ።»

«የለኝም» አልኩ።

ኪሴ ውስጥ ሦስት ቁራጭ ነበረኝ። የዚያን ጠመኔ ሥራ አይቻለሁ፤ ደግሞ እንዲጽፍ አልፈለግሁም።

«ተማሪ ሆነሽ ጠመኔ የለሽም? ኪስሽ ምንድነው የነጣው?»

አባቴ «ስጫቸው፣ ከዲጃ» አለ፤ ድምፁ የለሰለሰ ነበር። ሰጠኋቸው። ሲነሰንሱት ዓይኔን ጨፍኜ ከቁርኣን ቁልሁወላሁን ሦስት ጊዜ ቀራሁ። ስገልጥ ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ቆየን። ጥላችን ከጣውላው እስኪወርድ ቆየን። ጠመኔው ምንም አልጻፈም። እነሱ ብረቱ ጤነኛ በመሆኑ ተጨባበጡ። እኔ ደግሞ ምሕረት የተደረገልኝ መስሎኝ የዚያን ቀን ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ። በማግስቱ ግን ሻይ ቤቱ «ይመር በረዶ» ሲል ሰማሁና ምሕረቱ ለብረቱ ብቻ እንደነበረ ገባኝ።

ከዚያ የብረቱን ፊት መላጨት ተጀመረ። ዶሮ ያደረበት ብረት ሞተሩ ላይ ልክክ ብሎ መግጠም አለበት፣ ማሽን ደግሞ የለንም። ጋሽ ታደሰ ከተዘጋ ኬክ ቤት የገዙት ወፍራም የጠረጴዛ መስታወት ነበራቸው። መስታወት ጠማማ አይሆንም ይላሉ፤ ያላቸውም ቀጥ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነው። በላዩ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈው፣ ቴስታታውን በፊቱ ደፍተው፣ እሳቸው ከአንድ ጫፍ አባቴ ከሌላው ሆነው ይገፉታል። እኔ ላምባ አንጠባጥባለሁ። ከመጀመራቸው በፊት በእርሳሴ የብረቱን ፊት ሁሉ በመስመር እሞላዋለሁ። ገፍተው ገፍተው ሲያነሱት እርሳሱ ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። እንደገና እሰምራለሁ፣ እንደገና ይገፋሉ። አባቴ ጠዋት ሽንኩርት ያርማል፣ ውሃ ያዞራል፤ ከሰዓት ይህንን ይገፋል። የካቲት በዚህ አለቀ፤ ሁለት እርሳስም አለቀ።

ቫልቮቹ ግን የእኔ ሆኑ። ስምንት ናቸው፤ እንደ እንጉዳይ ጠፍጣፋ አናትና ቀጭን እግር አላቸው። እያንዳንዱ ከራሱ መቀመጫ ጋር ነው የሚፈጨው። ቢቀላቀሉ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን በካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ በስተው ቁጥሩን እኔን አስጻፉኝ። ጠርዙ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ጥቁር ቅባት ይቀባል። ከዚያ ጫፉ ላይ የከመነዳሪ፣ የውስጠኛው ጎማ፣ ቁራጭ የተሰካበት ዱላ አናቱ ላይ ይለጠፋል፤ ዱላውን በሁለት መዳፍ መሃል እንደ እንዝርት ማሾር ነው። መጀመሪያ ክርር ክርር ይላል። እየቆየ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሲያነሱት ጠርዙ ላይ ቀጭን ግራጫ ቀለበት ይገኛል።

«አትጫኚው» ይሉኛል። «ክብደትሽን አይፈልግም። ትዕግሥትሽን ነው የሚፈልገው።»

አንድ ከሰዓት አባቴ ለውሃ ተራ ወደ ማሳ ወርዶ ብቻችንን ነበርን። አምስተኛውን እየፈጨሁ «ጋሽ ታደሰ» አልኩ።

«አቤት።»

«ያኛው የተሰነጠቀው... ውሃውን ማን እንደጨመረበት ብረቱ ይናገራል?»

ሥራቸውን አቆሙ። «ብረት የደረሰበትን ነው የሚናገረው። ማን እንዳደረሰበት አይናገርም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው።»

መዳፎቼን አዩ። ዱላው ልጦኝ ሁለቱም ውሃ ቋጥረው ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። «አባትሽን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ» አሉ። «እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልጠይቅም። ስድስተኛውን አቀብይኝ፤ አንቺ ዛሬ ይበቃሻል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ ታደሰ አባቴን በዚያ ስም ሲጠሩት አልሰማሁም። በሳምንቱ ሻይ ቤት አንዱ ሲጠራው «በቃ፣ በቃ» ብለው ኮስተር አሉበት። ለምን እንደተቆጡ አልገባኝም፤ ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሁሉም ቫልቭ በየቁጥሩ ገባ። ጋሽ ታደሰ በቀዳዳዎቹ ላምባ ሞሉና ከሥር ደረቅ ካርቶን አነጠፉ። አንዱ ቫልቭ ካልገጠመ ካርቶኑ ይረጥባል። ከቀትር እስከ አስር ጠበቅን። እኔ ከስምንቱ አምስቱ የእጄ ሥራ ስለነበሩ ምራቄን መዋጥ እንኳ ፈራሁ። ካርቶኑን ሲያነሱት ደረቅ ነው። «ሮቢት ውስጥ ይህን የሚያፈስ የለም» አሉ፤ እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ይህ ምስጋና ነበር።

በዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ነው የገዛነው፤ በሞተሩና በቴስታታው መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በተራ ይጠበቃሉ፤ ተራውን እኔ እየጠራሁ አባቴ አጠበቀ። ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ምሳ ይዛ መጥታ ሳህኑን እንደታቀፈች ቆማለች። አባቴ «ቢስሚላህ» አለ፣ ጋሽ ታደሰ አማተቡ። መኪናዋ ሳለች። ጥቁር ጭስ ተፋች። ደግማ ሳለች፣ ከዚያ ያዘችና ያ የድሮ ድምጿ መጣ። ጋሽ ታደሰ ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ አውራ ጣታቸውን አነሱ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስለ ሳዑዲ ከዚያ በኋላ በቤታችን የተናገረ የለም።

የእኔ ነገር ግን አላለቀም። መኪናዋ ዳነች፣ ውሸቱ እንዳለ ነው።

ሚያዝያ ላይ ሽንኩርቱ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ «ነይ፣ እንሂድ» አለኝ። ሆዴን አሞኛል አልኩት። «ነይ፣ ሌላ ረዳት የለኝም» አለ። ገባሁ። ከእግሬ ሥር ጀሪካኑ የለም። በሱ ፈንታ በአባቴ ጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተቀምጧል። እናቴ ለደብረ ብርሃን ዘመድ የላከችው ዳቦ መሰለኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን እስኪያልበኝ ያሞቀኛል። ውሃ አለመያዛችን ደስ አለኝ። ውሃ ከሌለ ጥፋትም የለም።

ደብረ ሲናን ሳንቆም አለፍን። ጣርማ በር ስንደርስ አባቴ ከዋሻው በታች፣ እዚያው ጥግ ላይ አቆመ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ወይ አልኩ በልቤ። ድንጋዬን አስገባሁ። ሞተሩን አጠፋ፣ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ክዳኑን ከፈተ፣ ከእንፋሎቱ ሸሸ። ሰዓቱን አየ።

«መጣሁ» አለ፤ ሄደ።

ያው ጉም፣ ያው ሣር ነው። ኮፍያ ሻጮቹም ያው ናቸው። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ከመኪናዋ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጢቅ ጢቅ ስትል ላለመስማት ወደ አባቴ አየሁ። በሸሚዙ ብቻ ነበር የሚሰግደው። ንፋሱ ሸሚዙን ከጎድኑ ጋር እያጣበቀው፣ ሲያጎነብስ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጋቢውን ረሳው ብዬ ሮጥኩ፤ በሩን ከፍቼ ጥቅሉን ጎተትኩት። ለዳቦ ከብዷል። ጋቢውን ገለጥኩ፣ ከሥሩ ጆንያ አለ፣ ከጆንያው ሥር ሌላ ጆንያ። በመጨረሻ ጀሪካኑ ወጣ። ከቤት የተሞላ የሮቢ ውሃ ነው። አቀፍኩት፤ ሞቅ ያለ ነበር።

እንደታቀፍኩት ቆምኩ። ጋቢውን ልወስድለት መሆኑን ረሳሁ። አባቴ ሶላቱን ሊጨርስ ወደ ቀኝ አሰላመተ፣ ወደ ግራ አሰላመተ፤ ከዚያ ከወትሮው ረዘም አድርጎ እዚያው ተቀመጠ። ሲመጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጀሪካኑን በእቅፌ አየው፣ አሁን ግን እኔንም አየኝ። የእጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ የእኔን እጅ ይዞ ከእጁ አጠገብ አስቀመጠው። ያን ያህል አያቃጥልም።

«አባዬ» አልኩ፣ «ያን ጊዜ እኮ...»

«ጨምሪ» አለ፤ «ውሃው እንዳይበርድብሽ።»

መከላከያዋ ላይ ወጣሁና ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። እሱ ጀሪካኑን ከሥር ደገፈልኝ።